የአጥቢያዋ መርዶ ነጋሪ

መርዶ ነጋሪ የሌለው አጥቢያ በዓለም ላይ የለም። ቄስ ያጣ አለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አለ፤ ማለዳ በር አንኳክቶ ሰው የሚያስለቅስ ግን አይታጣም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን አስመስለው የሠሩትን አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ከፈረንጆች ተከራይታ የምትቀድሰው ትንሽ አጥቢያም ክብርት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አሏት።

ክብርትነታቸው አጥቢያዋን የሚያውቋት በመንደር ከፍለው ነው። ላንግሊ ፓርክ አንድ መንደር፣ ክሪስታል ሲቲ አንድ መንደር፣ እሳቸው የሚኖሩበት አሌክሳንድሪያ ደግሞ ሌላ። የማን እናት አገር ቤት እንደታመመች፣ የማን ወንድም ሆስፒታል እንደገባ ከቤተሰቡ ቀድመው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ከፌስቡክ ጋር እሽቅድምድም ነው። «መርዶ በስልክ አይነገርም! ሰው አይደለንም እንዴ?» ይላሉ። ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ ሦስት አራት ሰው አስከትለው ይደርሳሉ። አንዳንዴማ «ሱፐርቫይዘሩን ኮል አድርጌ ኦፍ አስወስጄለታለሁ» ብለው ነው የሚገቡት።

ችግሩ፣ ሞት በሌለበትም ቀን ፊታቸው ያው ፊት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ክሪስታል ሲቲ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው፣ የአጥቢያው ሰው ኃይለልዑል ሊፍት ውስጥ አያቸው። ሰላም እንኳ ሳይሉት «አባቴን!» ብሎ ተዘረረ። ፈረንጆቹ አምቡላንስ ጠሩ። አባትየው በዚያች ሰዓት ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው እራታቸውን እየበሉ ነበር።

የአጥቢያዋ ልጅ ስመኝስ ብትሆን ከማን ታንሳለች? ላንግሊ ፓርክ አራስ ቤት ተኝታ ሳለ በሩ ተንኳኳ፤ ባሏ ከፈተ። የወይዘሮ የዓለምዘርፍን ድምፅ ስትሰማ እሪ አለች፤ ሕፃኑም ተከተላት። «ኧረ ገንፎ ነው! ገንፎ ነው የያዝኩት፣ ልጄ!» እያሉ ድስቱን ከፍ አድርገው ቢያሳዩ ማን ሰምቷቸው።

ከዚያ ወዲህ ለክርስትናም ለልደትም የሚጠራቸው ጠፋ። እሳቸው አልተቀየሙም። ሰው ቤት ሲሄዱ ከፓርኪንጉ ሆነው እየደወሉ «ለደህና ነው የመጣሁት» ማለት ጀመሩ። ስመኝ ይህን ስትሰማ ሆዷ ይባባል። ለክፉ ቀን ሁሉም ይፈልጋቸዋል፤ ለደጉ ቀን የሚያስታውሳቸው የለም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍን እንደ እናት ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ደሴ ላይ አረፉ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ሰዎች ለብቻ ጠርተው ነገሯቸው። ማን ያርዳቸው? ሁሉም አቀረቀረ። ይህን ሥራ ለእሳቸው ጥሎ የኖረ አጥቢያ ከየት እንደሚጀመር እንኳ አያውቅም።

«ቴክስት ብናደርግላቸውስ?» አለ ኃይለልዑል። ሰዉ ሁሉ አፈጠጠበት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ስመኝ፤ ወዲያውም ቆጫት።

በማግስቱ ማለዳ አሌክሳንድሪያ ሄደው አንኳኩ። ወይዘሮዋ የሥራ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ የመኪና ቁልፋቸውን እንደያዙ ከፈቱ። ስመኝን አዩ። ቄሱን አዩ። ከኋላ የቆመውን ኃይለልዑልን አዩ።

«ግቡ» አሉ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ኃይለልዑል፣ ስልክህን አጥፋና ውሃ ቅዳ። ስመኝ፣ ፊት ለፊቴ ምን ይገትርሻል? ከጎኔ ሁኚ እንጂ። ስወድቅ ማን ሊይዘኝ ነው?»

ስመኝ ከጎናቸው ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ድራሹ ጠፋባት። «እትዬ...» ከማለቷ እንባዋ ቀደማት።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ፊታቸው አመድ መስሏል። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙላት።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት፤ «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»