በወንድሜ በር ላይ የተጣሉት ሐኪሞች

የቡድን ሥራ ሲባል ምን ይታያችኋል? ለእኔ የሚታየኝ፣ ስብሰባ ላይ ሁሉም እሺ እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ጨርቅ እየሸጥኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ኮሚቴ አይቼ ጠግቤአለሁ፤ የዕድሩ፣ የነጋዴው፣ የመንገዱ። በመንገዱ ኮሚቴ ተጣልተን አናውቅም። መንገዱም ተሠርቶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልዴ የአእምሮ ሕመም አለበት። ታዲያ በሽተኛ ነው ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉት፤ ደህና ሲሆን የገበያው አስታራቂ እሱ ነው። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በጉራጊኛም ያስታርቃል፤ የተጣላ ሰው አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ባለፈው ክረምት ግን መድኃኒቱን ተወና በሩን ቀርቅሮ ተቀመጠ። ምግብ የሚቀበለኝ እንኳ በመስኮት ሆነ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ሲሆን ጎረቤት ጠርቼ፣ በር ተሰብሮ፣ በገመድ ታስሮ ነበር የተወሰደው። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ አኩርፎኝ እንደቆየ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ እንዳይደገም ስል ቤት ለቤት እየዞረ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያክመውን ቡድን ጠራሁ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ ነርሷ ሲስተር ጫልቱ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያው በቀለ፣ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ለሊሴ። «አካም ጅርቱ?» ብለው በወጉ ሰላም አሉኝ፣ በሩ ሥር ቆሙ፣ ከዚያ ተጣሉ። እውነቴን ነው!

«ዛሬ መርፌውን ካልወሰዱ ይብስባቸዋል» አለች ሲስተር ጫልቱ።

«በር ሳይከፍቱልን ምን መርፌ መርፌ ያሰኝሻል? ዛሬ በበሩ እናውራቸው፣ ነገም እንመለስ» አለ በቀለ።

«አንተ ሁልጊዜ ነገ ነው!»

«አንቺ ሁልጊዜ ጥድፊያ ነው!»

ለሊሴ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ይሰማሉ» ብትል ሁለቱም ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?» አሏት።

ወይ ጉድ! ወንድሜን የሚያድኑት እነዚህ ናቸው? ተስፋ ቆርጬ፣ እየቀፈፈኝ፣ ጎረቤት ልጠራ ስልኬን አወጣሁ። ይኼኔ መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ጋሼ ወልዴ ጺሙ ጎፍሮ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ብቅ አለ።

«ምን ሆናችሁ ነው? በሰው ደጃፍ እንዲህ ይኮናል? ኮታ፣ ኑ ግቡ! ቁጭ በሉና በየተራ ንገሩኝ።»

ገቡ። ያደነቅኳቸው እዚህ ላይ ነው። አንዳቸውም ተሽቀዳድሞ መርፌ አላወጣም። ተራ በተራ፣ ከልባቸው፣ ቅሬታቸውን ነገሩት። እሱም ጺሙን እያሻሸ ሰማና ፈረደ፦

«አንቺ የፈራሽው ለእኔ ነው። አንተም ያዘንከው ለእኔ ነው። ሁለታችሁም አላጠፋችሁም። በሉ፣ መርፌው ዛሬ፣ ወሬው ነገ።»

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ! መርፌውን ያኔውኑ ተወጋ፤ በቀለም በማግስቱ ለወሬው መጣ። የእኛ የመንገድ ኮሚቴ የማይጣላው፣ ለካ ነገሩ ማናችንንም ስለማያሳስበን ነው።

ጋሼ ወልዴ ወደ ገበያው ከተመለሰ በኋላ ሦስቱን ሱቄ ደጃፍ አገኘኋቸውና፣ «ያን ቀን የተጣላችሁት ሆን ብላችሁ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«አዎ» አለ በቀለ።

«ውሸቱን ነው! የምሬን ነበር የተናደድኩት» አለች ሲስተር ጫልቱ።

ጀመሩ። ለሊሴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ ወልዴን ጥሩልን» አለችኝ።

መጥራት አላስፈለገም። ድምፃቸውን ሰምቶ፣ ጋቢውን እያስተካከለ እየመጣ ነበር።