የእድር ውሻ ሲያክ

ወዳጄ፣ ውሻ ሲያክ አይተህ ዝም ብለህ አልፈህ ታውቃለህ? አታውቅም። ወይ «ቁንጫ ነው» ትላለህ፣ ወይ «እከክ ነው» ትላለህ። ሰው የገዛ ሆዱን ሲቆርጠው ሐኪም ቤት ሄዶ ተራ ይጠብቃል። ለሰው ውሻ ግን መንገድ ላይ ቆሞ መድኃኒት ያዛል። ያውም ሳይጠየቅ።

እኔ በሙያዬ ወሬ ለቃሚ ነኝ። ሚዛን ተፈሪ ተመድቤ ስለ ቡና፣ ስለ መንገድና ስለ ስብሰባ ስጽፍ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ሥራው ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ «ሲባል ሰማሁ» ከሚል ሰው «አየሁ» የሚል ይሻላል፤ «አየሁ» ከሚል ደግሞ «ና እይ» የሚል ይበልጣል። ስለ ውሻም ቢሆን ያው ነው።

መከታ የሰፈራችን እድር ውሻ ነበር። የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ምንጣፍ የሚቀመጥበትን ግምጃ ቤት ይጠብቃል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ድስቶቻችን እግር ያወጡ ነበር። ከመጣ ወዲህ ማንኪያ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደስታ ይባላሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ምሳ የሚበሉት ከመከታ ጋር ነው። እንጀራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ትልቁ ቁራሽ ለማን እንደሚደርስ የሁለቱን ወገብ ያየ ያውቃል።

ሞባይል ስልክ ገና ወደ ከተማችን በገባበት ሰሞን ነው። ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ አልቆም ብሏል። መከታ ማከክ ጀመረ። በኋላ እግሩ ይቧጥጣል፣ ወገቡን ይነክሳል፣ ጀርባውን በግምጃ ቤቱ ግድግዳ ይፈትጋል። ከጭራው በላይ ያለው ፀጉር ተመልጦ ቆዳው ቀላ።

የወሩ ስብሰባ ደረሰ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስብሰባ ሲመሩ ዛሬም ጠመኔ የያዙ ይመስላሉ። «አጀንዳ ሦስት፣ ውሻው!» አሉ። እከኩ ነገ ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል፣ ስለዚህ እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ካልዳነ ይወገድ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። «ይወገድ» ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቁራጭ ሥጋ ነው፣ ውስጡ መርዝ ያለበት። እጅ ወጣ፣ ተወሰነ። ጋሽ ደስታ ቆባቸውን አውልቀው በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና ወጡ።

እንግዲህ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሃምሳ ሐኪም ለአንድ ውሻስ? ያን ወር አየነው። የተወሰነበትን ፍርድ የሰማ አባል ሁሉ አዝኖ መድኃኒቱን ይዞ መጣ። አንዱ ሾፌር ከመኪናው የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ሌላው ዘይቱን ለማስለቀቅ በኦሞ አጠበው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ዓይን በልቶት ነው ብለው ግራዋና ሎሚ ጨመቁበት። ሎሚው በቆሰለው ቆዳ ላይ ሲያርፍ መከታ የጮኸው ጩኸት ሸኮ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ደግሞ ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት። ውሻው ሲያልፍ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች መንገድ መልቀቅ ጀመሩ።

ከቴፒ የመጣ አንድ ነጋዴ የአጎቱ ውሻ እንዲሁ ሲያክ በዲዲቲ እንደዳነ ማለልን።

«አሁን የት ነው?» አልኩት፤ መጠየቅ ሥራዬ ነው።

«ሞተ።»

«በምን?»

«እሱን አላጣራሁም።»

ባለሱቁ ጋሽ ከድር ብቻ እጃቸውን ሰበሰቡ። ውሻ አይነኩም። ከሱቃቸው ባንኮኒ ኋላ ሆነው ግን፣ «ኧረ ተዉት! እከኩ ሳይገድለው እናንተ ትገድሉታላችሁ» ይሉ ነበር። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ለሰው ተተርቶ ይሆናል። መከታ ግን መድኃኒት በበዛለት ቁጥር ማከኩ ባሰበት።

ስብሰባው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ደስታን፣ «እስቲ ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንውሰደው» አልኳቸው። ክሊኒኩ በር ላይ ላምና በቅሎ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። እኛን ሲያዩ አንዱ፣ «ይሄ ደግሞ ስንት ሊትር ይታለባል?» ብሎ ሰልፉን አሳቀው። ጋሽ ደስታም፣ «አይታለብም፣ ግን እንዳንተ ያለውን ሌባ ያውቃል» አሉና ሳቁን አዞሩት።

የእንስሳት ሐኪሟ ሰላም ትባላለች፣ ወጣት ናት። ውሻውን ከመንካቷ በፊት ቆማ ሲያክ አየችው። የት እንደሚያክ ማየት የምርመራው ግማሽ ነው አለችን። የጆሮው ጫፍና የክርኑ ፀጉር ረግፎ ቢሆን የእከክ ተባይ ትጠረጥር ነበር። እግሩን እየላሰ ጆሮውን ቢያክ ምናልባት ምግብ አልስማማ ብሎት ነው ትል ነበር። ወገቡንና የጭራውን ሥር የሚያክ ውሻ ግን ብዙውን ጊዜ በቁንጫ የተያዘ ነው። ቢሆንም በግምት አልተወችውም። ቆዳውን ፋቅ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየች፤ የእከክ ተባይ የለም። ከዚያ ፀጉሩን በማበጠሪያ አበጠረችና የወደቀውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ነሰነሰችው።

«ኑ እዩ» አለችን።

ቃሏን ወደድኩት። አየን። ጥቁሩ ብናኝ ዙሪያው እየቀላ መጣ። አፈር ቢሆን አይቀላም ነበር። የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቁንጫ ደግሞ የሚበላው ደም ነው።

«ዘይቱና ጋዙ ቆዳውን አቃጥለውታል፣ ሎሚውና ኦሞውም አድርቀውታል። ከእንግዲህ አንድም ነገር እንዳትቀቡት» ብላ፣ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባ የቁንጫ መድኃኒት አደረገችለት። «ይህ ግን የሥራው ግማሽ ነው ጋሼ። ቁንጫ ውሻው ላይ ይበላል እንጂ እንቁላሉ የሚረግፈው መኝታው ላይ ነው። መኝታው ካልጸዳ ተመልሶ ይይዘዋል። የት ነው የሚተኛው?»

ጋሽ ደስታ ቆባቸውን አወለቁ።

«ዝናቡ ሲበዛ... አሳዝኖኝ... የእድሩ ምንጣፍ ላይ።»

የእድሩ ምንጣፍ ማለት፣ ወዳጄ፣ ለቅሶ ቤት ተነጥፎ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ማለት ነው። ስንመለስ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ጋዜጠኛው፣ ይህችን አትጻፋት» አሉኝ። ጭንቀታቸው ገባኝ። ከተናገሩ ግምጃ ቤቱን ይነጠቃሉ። ካልተናገሩ ምንጣፉ አይታጠብም፣ መከታ አይድንም፣ ሥጋው ይመጣል።

የስብሰባው ቀን «አጀንዳ ሦስት» ሲባል ጋሽ ደስታ ተነሡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ጀመሩና ሁሉንም አፈረጡት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን አባሩኝ፣ ውሻው ግን ምንም አያውቅም አሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ባቱን አከከ። ጎኑ ያለው አንገቱን። አፍታም ሳይቆይ ጉባኤው በሙሉ ያክ ጀመር። አቶ ሽፈራው ራሳቸው በብዕራቸው ጫፍ ትከሻቸውን እየፈተጉ፣ «ሥነ ሥርዓት!» አሉ።

ሰላም እንደመከረችው ምንጣፉ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መዋል አለበት። ውሃስ ይፈላል። ፀሐይ ከየት ይምጣ? ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። ደመናው የሚገለጠው ለጥቂት ሰዓት፣ ፀሐይ የሚያገኝ ደጅ ሁሉ ደግሞ ጀንፈል ቡና ተሰጥቶበታል። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ደጅ ጠቆመ። እንዲህ ስንከራከር ጋሽ ከድር ከጥግ ተነሡ። ከሱቃቸው ፊት ከሰፈሩ ሁሉ ፀሐይ የማይለየው ሲሚንቶ አለ፤ እሱም ጢም ብሎ ቡና ተሰጥቶበታል።

«ቡናዬን ለሁለት ቀን አነሣለሁ» አሉ። «ውሻውን አልነካም፤ ፀሐዬን ግን ይውሰድ።»

አቶ ሽፈራው አጨበጨቡ። የመከታ ፍርድ ለአንድ ወር ተራዘመ፣ ጋሽ ደስታም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ቀሩ። በነጋታው በእድሩ ትልልቅ ድስቶች ውሃ ተጣደ። ሰርግ ነው የሚመስለው። ሾፌሩ ምንጣፍ ይረግጣል፣ እትዬ ዘነበች ያዛሉ፣ አቶ ሽፈራው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ግምጃ ቤቱን ይጠርጋሉ። ለመከታም ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ ተሠራለት፤ የሚነጠፍበት ጨርቅ በየሳምንቱ እንዲታጠብ በቃለ ጉባኤ ተወሰነ። ማንም ምንም አልቀባውም። ከባዱ መድኃኒት እሱ ነበር መሰለኝ፤ ሰዎቹ እጃቸውን መሰብሰብ አቅቷቸው ሲቸገሩ አይቻለሁ።

በወሩ መከታ በስብሰባው በር ላይ ተጋድሞ፣ አንዴም ሳያክ እንቅልፉን ለጠጠ። በመላጣው ጀርባው ላይ አዲስ ፀጉር አቆጥቁጧል። «አጀንዳ ሦስት ተዘግቷል» አሉ አቶ ሽፈራው። ጋሽ ደስታ ያን ቀን ምሳውን ለሁለት አልከፈሉም፤ ሁሉንም ሰጡት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ድንኳን ተተከለ፣ ንጹሑ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አየህ ልጄ፣ ሰው እንዴት እንደጨከነ? በጥቅምት እኮ ለቅሶ ቤት ሰው ሐዘኑ አላስቀምጥ ብሎት፣ ሲነሣ ሲቀመጥ፣ ጭኑን ሲመታ፣ ሲቁነጠነጥ ነበር የሚውለው። ዛሬ እስቲ እያቸው! ፎቶ የሚነሡ ነው የሚመስሉት። ፍቅር ጠፋ!»

ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ሳይሸራረፍ ይነገር ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማስረጃው በእጄ ነው፣ ምስክሮቹም ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እውነትዎን ነው እትዬ» አልኳቸው። «ሰው ተለውጧል።»