ማዳበሪያውን ያገኘሁ ለታ

ጎረቤት በተመሰገነ ቁጥር እርር የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። እዚሁ ልደታ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ እትዬ አስካለ ከልጆቻቸው ጋር ያለ ኬሚካል ጎመንና ሰላጣ ያመርታሉ፤ በራቸው ላይ በከፈቱት ሱቅም ይሸጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያሞግሳቸዋል። ባለቤቴማ ጎመናቸውን ሳታወድስ አታጎርሰኝም።

«ያለ ማዳበሪያ እንዲህ ይፋፋል?» ብዬ ጠረጠርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ገዢ መስዬ ገባሁና ከሱቁ ጥግ አንድ የታሰረ ጆንያ አየሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «ማዳበሪያ» ይላል። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

«ይኸው ማዳበሪያው! እትዬ፣ እርስዎም?» ብዬ በገዢዎች ፊት ጮህኩ።

እትዬ አስካለ ምንም አልደነገጡም። «ፍታው፣ ልጄ» አሉኝ።

ፈታሁት። ለካ ጆንያው አሮጌ ነው፤ ውስጡ ያለው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ነው።

«አብስብሰን መሬቱ ላይ የምንጨምረው ነው፤ ከጎረቤት እንሰበስባለን» አሉ። «ይሄንን የላከችልን ያንተዋ ባለቤት ናት። እጇ ይባረክ፣ እንደ እሷ ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ የሚልክልን የለም።»

ገዢዎቹ ሳቁብኝ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሳቃቸው አይደለም። ለእነሱ ልጣጭ አንድ በአንድ የምትለየው ሴት፣ የእኔን ነጭ ሸሚዝ ከካልሲ ጋር ነው የምትዘፈዝፈው።