በአንድ ጣት የሚገፋ ጋሪ

ጎማ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ባለቤቱን ሳያዋርድ አይቀርም። መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ ትልብሃለች። የሱፐርማርኬት ጋሪ አንዱ እግሩ ይሽመደመድና አንተ ወደ ዳቦው ስትል እሱ ወደ ሳሙናው ይጎትትሃል። ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ጎማውን ይጥልና እንደ እልኸኛ ፍየል ያስጎትትሃል። የልጅ ጋሪ ግን ከሁሉም ይከፋል። ውርደትህን የሚያይ ምስክር ውስጡ ተቀምጧላ! ምስክሩም አድጎ ያወራዋል።

ይህን የምለው ስለ ጎማ ከብዙ ሰው በላይ ማወቅ የሚገባኝ ሰው ሆኜ ነው። የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ነው። ከክፍሌም አንደኛ ወጥቻለሁ። የትምህርት ክፍሉ ግን ለረዳት መምህርነት ያስቀረው ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ነበር። ለምን ቢባል ልጁ አጎት ነበረው፤ አጎትየው ደግሞ ሰው ያውቅ ነበር። ነገሩ ብዙ ዓመት ስላለፈው አሁን አልናደድም፤ እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው። ባለቤቴ ምሕረት ይህን ታሪክ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዳወራው ፈቅዳልኛለች። የዛሬውን ተጠቀምኩ ማለት ነው።

አሁን ሪያድ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ማቀዝቀዣ እንዳይቆም እጠብቃለሁ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ሙያዬ «ቧንቧ ሠራተኛ» ይላል። አሠሪዬን ይህ ነገር ይስተካከል ብለው «ኢንሻአላህ» አለኝ። ፈቃዱ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ታድሷል፤ ሦስቴም ኢንሻአላህ ነበር።

ዘንድሮ የዓመት ዕረፍቴ ሲደርስ አገር ቤት መሄድ አልሆነልንም። ለምን አትበሉኝ፤ ለአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ የሚያውቅ ይገባዋል። ምሕረት ነርስ ናት፤ ድካምን መርምራ መድኃኒት ማዘዝ ትወዳለች። ዕረፍታችንን ከከተማው ዳር ባለው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ እንድናሳልፈው ወሰነች። «ተመካክረን ወሰንን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ታነበዋለች ብዬ ተውኩት።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ናታን አራት ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ከቤት ውጭ ደግሞ አይራመድም። ሊድያ ገና አንድ ዓመት ተኩሏ ነው። አሮጌው ጋሪያችን የኋላ እግሩ ስለተሰበረ አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ሰዓት ደረሰ ያልኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ አጠናሁ። ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ የጎማ ስፋት፣ የሞላው ዓይነት፣ የኩሽኔታው ጥራት፣ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ። ዩኒቨርሲቲው ያልፈለገውን እውቀት በሙሉ በልጅ ጋሪ ላይ አፈሰስኩት። ምሕረት ሠንጠረዡን አገላብጣ አየችና፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ለማንኛውም ግን ዘሃራን ይዘን እንሂድ አለች።

ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት። ስምንት ዓመት በአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ቤት ተቀምጣ ስትሠራ አምስት ልጆች አሳድጋለች፤ አንዳቸውም የእሷ አይደሉም። የእሷ አንዲት ልጅ ደሴ አጠገብ ከአያቷ ጋር ናት፤ ስትለያት ዓመት አልሞላትም ነበር። ምሕረት ያወቀቻት ዘሃራ የአሠሪዋን እናት ሆስፒታል ስታስታምም ነው። አሁን ግን ኸላስ ብላለች። የመጨረሻ መውጫ ቪዛዋ ተመትቶ አገሯ ልትገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። አሠሪዎቿም ለመሰናበቻ ይሁን ለጽድቅ ዓርብ ዓርብን ለቀውላታል።

እንግዲህ ለአንድ ኢንጂነር በጎማ ጉዳይ አማካሪ ተመደበለት። አልተናደድኩም።

ሱወይዲ ሰፈር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። እኔ ሠንጠረዤን ስዘረጋ ዘሃራ ጋሪዎቹን መፈተን ጀመረች። አንዱን በአንድ እጇ አጠፈችው፤ ሌላው እጇ ልጅ እንደያዘ ሁሉ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ነበር። የአንዱ እጀታ ላይ ቦርሳዋን ሰቅላ ወደ ኋላ ይገለበጥ እንደሆነ አየች። እኔ ወደ መረጥኩት ባለ ሦስት ጎማ ስትደርስ ፍሬኑን ረገጠችና በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ጋሪው «ቀጭ» አለ፤ ከዚያም በትሕትና ተነሥቶ ሄደ።

«ኢንጂነር፣ ይኼ ፍሬኑ አይይዝም» አለችኝ። ኢንጂነር የምትለኝ ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው፤ የሚያመውም እሱ ነው።

እኔም ጋሪ ለመሄድ የተሠራ ዕቃ መሆኑን፣ ፍሬን ሁለተኛ ደረጃ ጉዳይ መሆኑን፣ ዋናው ኩሽኔታው መሆኑን በሰፊው አስረዳኋት። ዘሃራ እስክጨርስ በአክብሮት ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ «ወላሂ ኢንጂነር፣ ጋሪ የሚገፋበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚቆምበት ነው የሚበዛው» አለች። ሻጩ በበኩሉ በአንድ ጣት ይገፋል ብሎ በአንድ ጣቱ ገፍቶ አሳየን። ሻጭና ኢንጂነር ከተስማሙ በኋላ የሞግዚት ድምፅ የት ይደርሳል? ገዛን።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘሃራን ጨምረን ከሰፈራችን ከባዲዓ ተነሣን። መኪና ውስጥ ምሕረት ፓርኩን ታውቂው እንደሆነ ብላ ጠየቀቻት። ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ አለች። ታዲያ የትኛው ጨዋታ ደስ ይላል? ዘሃራ ሳቀች። አንዱም ላይ ወጥታ አታውቅም። የምትጠብቀው ጋሪ አለ፣ ቦርሳ አለ፣ ጫማ አለ። በር ላይ የሚያስሩላት የእጅ ማሰሪያ ጨዋታውን ሁሉ ይፈቅዳል፤ ሰባቴም አስራው ገብታ ሰባቴም ቤት ስትደርስ በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች።

ችግሩ ፎቶው ነው አለች። እዚያ አንድ ረጅም ግንብ አለ፤ ከጫፉ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ሰው ይዘው ሽቅብ ይወጡና ይዞራሉ፤ የሰማይ ዥዋዥዌ በሉት። አንድ ጊዜ ከሥሩ ቆማ ጓደኛዋ ፎቶ አነሣቻት። ልጇ ያንን አይታ እናቴ እዚያ ላይ የምትወጣ ሰው ናት ብላ ለሰፈሩ አወራች። ከዚያም በስልክ፣ «እማ፣ እዚያ ላይ ሆነሽ ምን ይታያል?» ብላ ጠየቀቻት።

ምን ብለሽ መለስሽላት አልኳት።

«ኔትዎርኩ ተበላሸ አልኳት።»

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ልጅቷ ትጠይቃለች፣ በጠየቀች ቁጥርም ኔትዎርኩ ይበላሻል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ያኔ የሚበላሽ ነገር የለም። ስምንት ዓመት ያላሳደገቻትን ልጅ በውሸት ልትጀምራት አልፈለገችም። ስለዚህ ዛሬ፣ ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሶላት አሠሪዎቿ ቤት ከመመለሷ በፊት፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያ ላይ መውጣት አለባት። ምሕረት ዓይኗን ጠራርጋ ሞተን ነው የማትወጪው አለች።

ስለ ፓርኩ ብዙ አልልም። የመዝናኛ ፓርክ ማለት ሰው ለመድከም ተሰልፎ የሚገባበት ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጋሪው ከልጆቹ በቀር ሁሉንም ነገር ተሸክሟል። ናታን ትከሻዬ ላይ ነው፣ ሊድያ እናቷ ጎን ላይ ናት። ጋሪው ላይ ውኃ፣ ዳይፐር፣ ምሳ፣ የአራት ሰው ጃኬትና ምሕረት ኳስ ወርውራ ያሸነፈችው አንድ ትልቅ የጨርቅ ድብ አለ። ድቡ ቀበቶ ታስሮለታል። በዚያ ቀን የጋሪውን ምቾት ያጣጣመ ብቸኛ ፍጥረት እሱ ነው።

ለዘሃራ የቀረው ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ሲወርድ ምሕረት ሁለቱንም ልጆች ይዛ ወደ ጀልባዎቹ ሄደችና እኔን ወደ ግንቡ ላከችኝ። ከግንቡ ሥር የጋሪ ማቆሚያ አለ። ጋሪዬን አቆምኩ። ፍሬኑን ረገጥኩ። «ቀጭ» አለ። ገና ዞር ስል ሄደ።

መሬቱ ለዓይን ሜዳ ነው፤ ጋሪው ግን ቁልቁለቱን አገኘው። ኩሽኔታው ምርጥ ነው ብዬ የለ? ድቡ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ፣ አንድ ሚኒስትር ለጉብኝት እንደሚያልፍ፣ በተሰለፈው ሕዝብ መሀል አልፎ የአንድ ግዙፍ ሰውዬ ተረከዝ ላይ ቆመ። ሰውየው ዞረ። ድቡን አየ። እያለከለክሁ የደረስኩትን እኔን አየ። ከዚያም ፈርጠም ብሎ፣ «ያ አኺ፣ ልጅህን ያዝ እንጂ!» አለኝ።

የፓርኩ ጥበቃ መጥቶ ፍሬን የማይይዝ ጋሪ እዚህ አይቆምም፣ ወይ ሰው ይያዘው ወይ ይውጣ አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ የዘሃራ እጅ እጀታው ላይ ነበር። ማንም አላዘዛትም። እጇ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። «ሂድ ወንድሜ፣ አንተ ከልጆችህ ጋር ተጫወት፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ለአንድ አፍታ፣ ደግሞ እኮ ለምዳዋለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያኔ ቢሮው አስገብቶ ያለኝ ትዝ አለኝ፦ «አንተ ጎበዝ ነህ፣ የትም አትወድቅም፤ ለሱ ነው የሚከብደው።» ሰውን ከቦታው የሚያስቀሩት ሁልጊዜ አመስግነው ነው።

«ያላ፣ ሂጂ!» ብዬ እጀታውን ቀማኋት። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ እኔ ከፍታ እፈራለሁ።

ከግንቡ ሥር ጋሪ ይዘው የቆሙት ሁሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከእኛም አገር። አጠገቤ የነበረችው ከድጃ የምትባል የከሚሴ ልጅ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ የማን ቤት ሹፌር ነህ?» አለችኝ። ሹፌር አለመሆኔን፣ ጋሪውም የራሴ ልጆች መሆኑን ነገርኳት። «የራሱ ነው አለ!» ብላ ለጓደኛዋ አስተላለፈች፤ ሁለቱም እንደ ጉድ አዩኝ። የዚያን ቀን ድርሻዬን ጠዋት ቤት ጨርሼ ስለነበር፣ ይህን ጊዜ ነው የምሕረትን ሕግ የጣስኩት። አንደኛ መውጣቴን፣ ሁለተኛው መወሰዱን፣ አጎትየውን ሁሉ ዘረዘርኩ።

ከድጃ በጥሞና ሰማችኝ። ስንት ነበራችሁ አለች። ስልሳ ሁለት አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «ሦስተኛውስ?» አለች።

ሦስተኛው ምን?

«ሦስተኛ የወጣውስ፣ እስካሁን ይናደዳል?»

ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሦስተኛው አስቤ አላውቅም። ማን እንደነበረም ጠፋብኝ።

ይህን ጊዜ ወንበሮቹ ተነሡ። ዘሃራ አባያዋን እግሮቿ መሀል ሰብስባ፣ ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ሽቅብ ሄደች። ወዲያው «ኧረ የአላህ ያለህ!» የሚል የወሎ ጩኸት ሪያድን ከላይ ሸፈናት። ስትወርድ ሮጬ፣ ምን ይታያል አልኳት።

«እኔ እንጃ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ከድጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘሃራ አልሳቀችም፤ ሰዓቷን አይታ እየሮጠች ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች። ሁለተኛ ወጣች። በሁለተኛው ዓይኗን ገለጠች፤ ነፋሱ ደግሞ ሻሿን ፊቷ ላይ ጠመጠመው። ያየችው ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር። የቀረው ጊዜ ለአንድ ዙር ነው፤ ከዚያ በላይ ብትቆይ ትዘገያለች።

ከድጃ ይህን ስታይ ከአንገቷ ሥር መርፌ ቁልፍ ፈታ የዘሃራን ሻሽ ግራና ቀኝ ሰካችላት። ከዚያ የራሷን የእጅ ማሰሪያ አየች። ወደ ጀልባዎቹ አየች፤ እመቤቷ ከልጆቹ ጋር ገና ሰልፍ ላይ ናት። ባዶ ጋሪዋን ወደኔ ገፋ አደረገችና፣ «መቼም መቆምህ ካልቀረ» አለችኝ። ጓደኛዋም የእሷን አስጠጋች። ሦስቱ ተያይዘው ሄዱ።

በቀኜ የከድጃ ጋሪ፣ በግራዬ የጓደኛዋ፣ በምንም ምክንያት የማይቆመውን የራሴን ደግሞ በጉልበቴ ደግፌ ቀረሁ። ከላይ ሦስት ድምፆች ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ ዞሮ በራሴ ላይ በመጣ ቁጥር ወደ ሳቅ ይለወጣል። በሕይወቴ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም።

ወረዱ። ዘሃራ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። በሉ ንገሩኝ፣ ምን ታየ?

«አንተ!» አለች።

ሌላው ሁሉ አሸዋ ነው አለች፤ ቤቱም መንገዱም አንድ ዓይነት ነው፣ አይለይም። ጥርት ብሎ የሚታየው ከታች ጋሪ ይዞ የቆመ ሰው ብቻ ነው። «ስምንት ዓመት እዚያ ስቆም እንዲህ እንደምታይ አላውቅም ነበር» አለች። ከዚያም እዚያው ቆማ ለልጇ ደወለች። ኔትዎርኩ አንድም ጊዜ አልተበላሸም።

እናም ዛሬ ደሴ አጠገብ እዚያ ላይ ሆኖ ምን ይታያል ብትሉ ልጅ አዋቂው የሚመልስላችሁ አንድ ነው፦ ሦስት ጋሪ ይዞ የቆመ ኢንጂነር።