የጋሽ መቶ ሃያ እንክብል

በእያንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚያክም አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃ ካለ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ማስነጠስ እንኳ በጥንቃቄ ነው፤ መሐረባችሁን ሳታወጡ መድኃኒቱ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ መቶ ሃያ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ዕድሜውን ግን ለራሳቸው የቆረጡት እሳቸው ናቸው። የሰው ልጅ የተፈጠረው መቶ ሃያ ዓመት ሊኖር ነው ባይ ናቸው። "ከዚያ በታች የሞተ ሰው ቸኩሎ ነው" ይላሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአሳንሰር መካኒክ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ደረጃ እንዳይወጣ ሲደክሙ ኖረው፣ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አሳንሰሩ በር ላይ ቆመው ሰው እንዳይገባ ይከለክላሉ። "እግር የተሰጠህ ለጌጥ ነው?" ይሉኛል። የምኖረው እላይኛው ፎቅ ነው። ያንን ደረጃ ስንት ጊዜ እያለከለክሁ እንደወጣሁት የምናውቀው እኔና ሳንባዬ ብቻ ነን።

ድሮ፣ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ምክራቸው ነጭ ሽንኩርትና ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ ይቻላል። ጣጣው የመጣው ስልካቸው ላይ ስለ ቀይ ወይን ያነበቡ ዕለት ነው። በወይን ቆዳ ውስጥ እርጅናን የሚያዘገይ ነገር አለ ይላል ጽሑፉ። "ሊሆን ይችላል"፣ "ገና አልተረጋገጠም"፣ "የታየው በአይጥ ላይ ነው" የሚሉትን ቃላት ግን ክቡርነታቸው እንደ ዓሣ አጥንት ለቅመው አወጧቸው። ለእኛ የደረሰን ሥጋው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከወይን ቆዳ የተሠራ እንክብል፣ ማታ ደግሞ ከራት ጋር በሽሮፕ መለኪያ የተለካ ቀይ ወይን ሆነ። ወይን እንደማይወዱ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጭልጥ ያደርጉትና ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተንገፍግፈው "እሰይ፣ አንድ ቀን ጨመርኩ" ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሳሎናቸው እኩሌታ የስፌት መኪናና የጨርቅ ክምር ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀና ብለው ሳያዩ መኪናቸውን ይረግጣሉ። እኔም ሴትዮዋ በጣም ታጋሽ ናቸው እል ነበር።

እንክብሉ ለእኛም መጣ። ማን ይተርፋል? ዘበኛው መላጣ ስለሆነ ፀጉሩ አየር ያግኝ ተብሎ ባርኔጣ ተከለከለ። ፀጉር አስተካካዩ ለወገቡ ታዘዘለት። እኔ ለጉልበቴ በየጠዋቱ አንዳንድ ተሰጠኝ፤ ፊታቸው ካልዋጥኩ ደግሞ አይሄዱም። መጀመሪያ ስቄባቸው ነበር። ኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጉልበቴ ተሻለኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይቀር ስለ ወይን ቆዳ መስበክ ጀመርኩ፤ "ሊሆን ይችላል" የሚለውን እኔም ዘለልኩት።

ታዲያ መቶ ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ሰው የሐሞት ጠጠር አይጠብቅም። አንድ ቀን ሆዳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እትዬና እኔ ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ጠጠሩ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተብሎ ለሳምንት ተቀጠሩ። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥነውን የልብ መድኃኒታቸውን እስከዚያው አስቆማቸው።

በዋዜማው ለመጨረሻ ምርመራ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። ወይንም ይሁን፣ የወይን እንክብልም ይሁን፣ ደም አልቆም እንዳይል ማወቅ አለብኝ አላቸው። ክቡርነታቸው ጣሪያውን አዩ። "ውሃ ብቻ ነው የምወስደው" አሉ። ሐኪሙ አጎንብሶ ሳል ሳል አለና የሆነ ነገር ጻፈ።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው። ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም፣ ደምዎ አልቆም ቢልስ፣ ተመልሰን እንንገረው ብዬ ለመንኳቸው። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ።

"ከነገርኩት ያስቆመኛል" አሉ በመጨረሻ። "እሷ ብቻዋን መተኛት ትፈራለች፣ ልጄ። ኮሽ ባለ ቁጥር እኔን ነው የምትቀሰቅሰው። ቀድሜያት መሄድ አልችልም።"

አንጀቴን በሉት። መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ ሲሉ ስቀልድባቸው የኖርኩት ሰውዬ ለካ የሚቆጥሩት የራሳቸውን ዕድሜ አልነበረም። ለሐኪሙ ትንፍሽ እንዳልል በእትዬ ሞት አስማሉኝ፤ ማልኩ። ምን ላድርግ? ብናገር ከዳኋቸው፣ ባልናገር ነገ ጠረጴዛው ላይ ደማቸው ይፈሳል። ቤታቸው አድርሻቸው እግራቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለሐኪም እንዳልናገር እንጂ ለእትዬ እንዳልናገር አላስማሉኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ስፌት መኪናው አጠገብ በርከክ ብዬ በሹክሹክታ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

እትዬ መኪናውን አቆሙ። መርፌያቸውን የቀሚሳቸው ደረት ላይ ሰኩ።

"የስንዴ ዱቄት ነው" አሉኝ።

"ምኑ?"

"እንክብሉ ነዋ። ከፍቼ የውስጡን እደፋና ዱቄት ሞልቼ መልሼ እገጥመዋለሁ። መርፌ ሲያጠልቅ የኖረ ጣት ይሄ ያቅተዋል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ እንክብሉን በጀመሩ ሰሞን ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣባቸው ጀመር። እትዬ መድኃኒት ቤት ሄደው ጠየቁ፤ ከልብ መድኃኒታቸው ጋር አይሄድም፣ ይተዉት አሏቸው። ለባላቸው ቢነግሩ፣ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ ወይ ፍንክች። ታዲያ ለምን ወስደው አልጣሉባቸውም? ጡረታ የወጡ ጊዜ ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሲያዩ ይውሉ እንደነበር ነገሩኝ። ያ የእንክብል ብልቃጥ ነው ከወንበሩ ያስነሳቸው። "ተስፋውን ቀምቼ ምን ልሰጠው?" አሉ። "ዱቄት ሰውን ገድሎ አያውቅም።"

ወይኑም ወይን አልነበረም። ሆምጣጤ ጠብ የተደረገበት የወይን ጭማቂ ነው። ወይን የሚጠላ ሰው ከመምረሩ በቀር ምኑን ያውቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

"ዋናው ወይንስ የት ገባ?" አልኳቸው።

እትዬ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ሁሉ አዩኝ። "ታዲያ ልድፋው?" አሉ። ሰሞኑን ፊታቸው ወዝቶ ያየሁት ለካ በከንቱ አልነበረም። ከእንክብሉ ያወጡትን መድኃኒት ግን በረንዳው ላይ ካለው አበባ ሥር ነው የሚደፉት። አበባው አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ለሐኪሙም ቀጠሮው የተያዘ ዕለት ለብቻው ይዘው ነግረውታል። ያ ሳል የምን ሳል እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ተነሣልኝ፤ ጨርቁ ክምር ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪፈስ በጸጥታ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጉልበቴ ያሰብኩት። እትዬ ከዓይኔ አንብበው "አዎ፣ ያንተም" አሉ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ ልጠይቃቸው ስገባ ጋሼ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሐኪሙ ቁስሉ ቆንጆ አድርጎ እየጠገገ ነው ብሎ መውጣቱ ነው። እትዬ በአልጋው ግርጌ ቆመው ሸሚዝ ያጥፋሉ። ክቡርነታቸው በጣታቸው ጠሩኝና ጆሮዬ ላይ ተጠጉ።

"ሐኪሙ ያዳንኩት እኔ ነኝ ብሎ ይኮፈሳል" አሉኝ። "አንተና እኔ ግን እናውቃለን። የእሷንስ የፊት ወዝ አየኸው? መቶ ሃያውን አብራኝ ልትኖር ነው እኮ።"

ይህን ብለው ከትራሳቸው ሥር ያንን ብልቃጥ መዘዙ። ዛሬ እንዳልወሰድኩ ያውቃሉ፤ ምን ያመልጣቸዋል? እትዬን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሸሚዙን እያዩ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

"ሁለት ያድርጉልኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ደረጃው ከባድ ነው።"