ያልሞቀው ለቅሶ

ባለፈው ታኅሣሥ አሥራ አራት ቀን፣ ከጧቱ ልክ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሕልሜ ይለቀስልኝ ነበር።

አልሞትኩም። በዚያ አገር የሚለቀስለት ለሕያው ነው፤ ሙታን ድንኳን ጥለው፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ ያለቅሱለታል። እኔ ዘነቡ፣ የደብረ ብርሃኗ አልቃሽ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የስንቱን ለቅሶ ያሞቅኩ ሴት፣ በራሴ ድንኳን መሐል በክብር ተቀምጬ ነበር። ሙሾ የሚያወርደው ባሌ አጥናፉ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሕይወቱ ዜማ አይሆንለትም ነበር፤ ሞቶም አልተሻለውም።

ሙታኑ ለቅሶው አልሞቀም ብለው አጉረመረሙ። እውነታቸውን ነው። ፍልጦቹ ራሳቸው በርዷቸው አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዙሪያ ተኮልኩለው ይሞቋት ነበር። አንዱ ጉማሬ የሚያህል ግንድ፣ የሴትዮዋ ጢስ አስቸገረኝ እያለ ዓይኑን ያሻል።

የዕድሩ ዳኛ ካሮት ነበር። ቅጠሉን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ገባና ፀሐይ ሳትወጣ ለቅሶው ካልሞቀ አጥናፉ ከዕድሩ እንደሚሰረዝ ተናገረ። የተሰረዘ ሙት በማንም ሕልም አይገባም። አጥናፉ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ካሮቱ ጸጉሬን ይዞ ከመቀመጫዬ ነቀለኝ፤ አፈሬን አራገፈና ማጅራቴን ዳበሰ።

"ቡናማው ስቧ አልነደደም" አለ።

"ስብ ስብ ነው እንጂ፣ ቡናማ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ አጥናፉ።

"ነጩ ጎተራ ነው፣ ያስቀምጣል። ቡናማው ምድጃ ነው፣ የበላችውን አንድዶ ሙቀት ያደርገዋል። ቆስቋሹ የእኛው ዘመድ ቫይታሚን ኤ ነው። እሱን ደግሞ ጉበቷ ቆልፎበታል።"

ወዲያው ጉበቴ በር ላይ ደረስን። ጉበቴ የመጋዘን ጠባቂ ነበር። እኛን ለማነጋገር ተሰልፎ ቆሟል። ከፊቱ ማንም የለም፤ እሱ ግን ተራው እንዳልደረሰ አስረዳን። ቫይታሚን ኤ ብርቱካንማ ካፖርት ለብሶ በመስኮቱ ብረት አጮልቆ ያያል። ካሮቱ ዘመዴን ልቀቅ ብሎ ተቆጣ።

"ሲበርዳት እለቃለሁ፤ ደንቡ ይኸው ነው" አለ ጉበቴ። "ይቺ ሴት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቃት፣ አልበረደኝም ነው የምትለው።"

ለጎረቤቶቼም የምላቸው ይህንኑ ነበር። እንጨት ሊሰጡኝ ሲመጡ፣ ልጃቸውን አብሮኝ እንዲያድር ሲያመጡልኝ፣ አልበረደኝም እያልኩ እመልሳቸዋለሁ።

አጥናፉ ሙሾውን ትቶ ጠጋ አለኝ።

"ዘነብዬ፣ እውነት አይበርድሽም?"

የተራራው ጫፍ ነጣ። ፀሐይዋ ልትወጣ ነው። ልዋሽ አሰብኩ፤ ደግሞ እንዳይሰረዝብኝ ፈራሁ።

"በረደኝ" አልኩት። "በረደኝ፣ አጥናፉ፣ ጎኔ በረደኝ።"

ቁልፉ ራሱን ከፈተ። ቫይታሚን ኤ ወጣና ያለ ቅባት አንድ እርምጃ እንደማይሄድ አስታወቀ፤ አጥናፉ ከአናቴ ቅቤ ጨልፎ ቀባው። ከዚያ እየተንሸራተተ በደሜ ወርዶ ማጅራቴ ላይ ቆሰቆሰ። ትከሻዬ ተቀጣጠለ። ሙታኑ ኩታቸውን አወለቁ፣ ፍልጦቹ አላባቸው፣ ዳኛው በደስታ ለስልሶ ተቀቀለ። ለቅሶው ሞቀ። አጥናፉ እየሳቀ ደረቱን ሲመታ የሺህ ሰው ድምፅ ተቀበለው፤ ድምፁ አየለ፣ አየለና ቀሰቀሰኝ።

የአቶ በየነ ለቅሶ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ሙሾ ላወርድ ተጠርቼ ማልጄ ሄጄ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። ድንኳኑን የሞላው ሰው ደረቱን እየደቃ "በረደኝ፣ አጥናፉ፣ ጎኔ በረደኝ" እያለ ይቀበለኛል። ከሽማግሌ እስከ ወጣት ያላለቀሰ የለም። አጥናፉ ማን ነው ብሎ የጠየቀም የለም።

የሟች ባለቤት ወይዘሮ ትደነቂያለሽ ወደ እኔ ዞሩ። ጋቢያቸውን በአንድ ወገን ገለጥ አድርገው፣

"ነይ፣ እኔንም በርዶኛል" አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ ዕቃዬን ጭኜ እሳቸው ቤት ገባሁ።