የድድና የክርን እርቅ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከገዛ ድዱ ጋር ተጣልቶ ሽማግሌ የተቀመጠበት ሰው ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንግዲያው ተዋወቁኝ።

በአንድ ለአምስት ዘመን ነው። ሸዋ ሮቢት ተመድቤ ሒሳብ አስተምራለሁ። የሮቢትን ሙቀት ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው? የታጠበ ሸሚዝ ጨምቀው ሳይጨርሱ ይደርቃል፤ ሲለብሱት ደግሞ መልሶ ይረጥባል። እሱስ ይሁን፣ ተለምዷል። የእኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። አጣዬ ወዳሉት የፍቅረኛዬ የትዕግሥት አባት ሽማግሌ ልልክ ስዘጋጅ ድዴ አበጠ። ጉንጬ ዳቦ አከለ፤ በላዩ ሽፍታ ወጣበት። አባትየው ደግሞ «ልጁንም ይዛችሁት ኑ፣ ልየው» ብለው ልከዋል። ይህን ፊት አይቶ ማን ልጁን ይሰጣል?

ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ከጅማ ተመድቦ የመጣው ጓደኛዬ ደረጀ ጥርሴን አስጠረገኝ፣ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ጠዋት ማታ ተፋቅ አለኝ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብሎም አስረዳኝ። ጀርም ሲገባ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባል መልእክተኛ ይልካሉ አለ። መልእክተኛው ኡኡ ይላል፣ ወታደር ይደርሳል፣ ድድ ያብጣል። መልእክተኛው አልበቃ ብሎት መጮሁን ከቀጠለ ግን ወታደሩ የገዛ ቤቱን ያፈርሳል። በቆዳም ላይ እንዲሁ ነው አለ።

ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን ያደርጋል፣ አስተማሪ ነኝ፤ ለአከራዬ ለጋሼ ተክሌ አስረዳኋቸው። ጋሼ ተክሌ የሽማግሌዎቼ መሪ ናቸው።

«የገዛ ወንድማማች ነው እንዴ የሚፋጀው?» አሉ ደንግጠው። «ይሄማ የቤተሰብ ጠብ ነው! የቤተሰብ ጠብ በኪኒን ይበርዳል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው እንጂ! እኔ ከገላው ያልታረቀ ሰው ይዤ የሰው ደጅ አልጠናም።»

በማግስቱ ማንጎው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ ሽማግሌ ስለ ድዴ ቆሙ፣ ሌላው ስለ ሳይቶካይን። እኔ የጠቡ ቦታ ስለሆንኩ መናገር ተከለከልኩ። የድድ ጠበቃ «ተቃጠልኩ፣ በቤቴ መኖር አቃተኝ» ብለው አለቀሱ። የሳይቶካይኑ ደግሞ ብድግ ብለው፣ «ሌባ ሲገባ ኡኡ ማለቴ ነው ጥፋቴ?» አሉ። እውነትም ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ተፈረደ፦ ሳይቶካይን ይጩህ፤ ሰው ከደረሰለት በኋላ ግን ወደ ቤቱ ይግባ። ሁለቱም ዋስ ጠሩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጉንጬን እትፍ እትፍ እያሉ መረቁኝ። ደረጀ ይህን ቢያይ ራሱን ይስት ነበር።

እብጠቱ ጎደለ። ምስጋናው ለማን ሄደ? ለሽማግሌዎቹ!

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አጣዬ ገባ። አቶ ጌታነህ፣ የትዕግሥት አባት፣ የመጣንበትን ተናግረን ሳንጨርስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክርናቸው ቀልቶ፣ በላዩ ነጭ ቅርፊት ደራርቧል። ለዓመታት ሲያሳክካቸው ኖሯል።

«የልጅቷ ነገር ይደርሳል። አስቀድማችሁ ይሄን አስታርቁልኝ» አሉ።

ምን ይባላል? እንደገና ተሸመገለ። ክርኑ «ከእንግዲህ አልነሳም» አለ፣ በጠበቃው አፍ። ዋስ ጥራ ተባለ። ማን ለክርን ዋስ ይሆናል? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያች ሰዓት ለጅብም ዋስ እሆን ነበር። «እኔ አለሁ» አልኩ። ልጅቷ ተፈቀደች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ደረጀ የሰጠኝን ቅባት ለአማቴ ወሰድኩላቸው፤ ክርኑ ጠራ። ከሠርጉ በኋላ ላመሰግነው ብሄድ፣ «ይሄ እኮ ጨርሶ አይለቅም፤ ይተኛል እንጂ መነሳቱ አይቀርም» አይለኝም? ሰው ይህን ከሠርጉ በፊት አይናገርም?

ተነሳ። አማቴ በባጃጅ ደጄ ድረስ መጥተው፣ «ዋሱ አፍርሷል» ብለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ቅባቱን ይዤ ተከተልኩ፤ ክርኑ ሲጠራ ሚስቴ ተመለሰች። ደግሞ ተነሳ፤ ደግሞ ሄደች። ትዕግሥት መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ኋላ መሳቅ ጀመረች።

ያን ሰሞን ስልክ ተደወለ። አማቴ ናቸው። ደኅንነታችንን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ከዚያ፣ «ልጄ፣ ክርኔን ትንሽ በላኝ» አሉ። ዞር ስል ትዕግሥት ሻንጣዋን ዘግታ በሩ ላይ ቆማለች።